ግመሏ ላይ የማይሳሳተው ሰው

ስልኬ የጮኸው ጠዋት ነው፤ ጥርሴን አውልቄ ብርጭቆ ውስጥ እያጠብኩ ነበር። ጥርሱ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ሽማግሌ ስልክ ማንሳት አልነበረበትም። ግን የሚደውልልኝ ሰው ከተመናመነ ወዲህ በስህተት የሚደወለውንም አላሳልፍም። አነሳሁት።

«አዴር፣ ፈርሂያ ነኝ፤ ከጅጅጋ» አለኝ የሴት ድምፅ፤ አዴር በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው። «አባቴ ሞተች።»

ሳቅሁ።

ጥርስ በሌለው አፌ፣ ከሆዴ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ሳቅሁ። «አንተ ሰውዬ፣ አሁንም አልተውክም?» አልኩ። የመሰለኝ ሙሴ ራሱ ነው። ሙሴ ጋቦ የሴት ድምፅ ያወጣል፤ የሕፃን ለቅሶ፣ የፍየል፣ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ድምፅ ያወጣል። «አባቴ ሞተች» ደግሞ የእሱ አነጋገር ነው፤ ስንት ዓመት ሕዝብ ያሳቀበት ስህተት። ከወዲያ ማዶ ዝም አለ። ሳቄ እያለቀ ሲሄድ ዝምታው የሙሴ እንዳልሆነ ገባኝ። ሙሴ አንድም ቀን ያን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ አያውቅም።

ስልኩን ለጊዜው እዚያው ጆሮዬ ላይ ልተወውና ስለ ሰውዬው ላውራችሁ። እኔም እስከዚያ ድረስ ምን እንደምመልስ ላስብ።

ጅጅጋ የገባሁት ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ የአማርኛ መምህር ሆኜ ተመድቤ። ለስድስት ወር ብቻ ነበር ያሰብኩት፤ ጡረታ እስክወጣ ቆየሁ። ለምን ቆየህ ሲሉኝ «ለሙያዬ ፍቅር» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር የዝውውር ማመልከቻዬን የትኛው ቢሮ እንዳስገባሁት ረስቼ ነው።

በዚያን ጊዜ ደረት ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ቀይ ስክሪብቶ ነበር፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንዳይጠፋ። ያላረምኩት ነገር አልነበረም። የተማሪ ደብተር፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሐኪም ማዘዣ አርሜያለሁ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሻይ ቤት ተቀምጬ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የዋጋ ዝርዝር ሳየው «ሻይ በውተት» ይላል። አላስችል አለኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ «ወተት» ብዬ አረምኩት። ስወርድ አንድ ከወንበሩ ብዙም የማይበልጥ ሰውዬ፣ ባለ መስመር ሽርጥ የታጠቀ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲመለከተኝ አገኘሁት።

«መዓሊን» አለኝ፤ በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው። «ግድግዳ የምታርም ሰው ወረቀትም ታርማለህ?»

«አንተ» ማለቱ ደስ አላለኝም። እኔ ከእሱ በዕድሜ ባልበልጥ እንኳ በሆድና በመነጽር እበልጠው ነበር። ፊቴን አይቶ፣ «አትቆጣ። በእኛ ቋንቋ ለንጉሡም ለፍየሉም አንድ ነው የምንለው» አለና ከብብቱ ደብተር አወጣ።

ሙሴ ጋቦን የተዋወቅሁት እንዲህ ነው። ጋቦ ቅጽል ስሙ ነው፤ አጭሩ ማለት ነው። ጅጅጋ ውስጥ ቅጽል ስም የሌለው ሰው ገና አልተወለደም፤ አንካሳውን አንካሳው፣ ግራኙን ግራኙ ይሉታል፤ ተጠሪውም አቤት ይላል እንጂ አይከፋውም። ለእኔ ከመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት «ቢዳር» የሚል ወጥቶልኛል። አንድ ዓመት ሙሉ «የተከበረው» ማለት ይመስለኝ ነበር። «መላጣው» ማለት ነው።

ደብተሩ ላይ የተጻፈው አጭር የመድረክ ጨዋታ ነበር፤ ርዕሱ «አዋሌ ከደወሌ»። አዋሌ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ከደወሌ፣ ከጅቡቲ ድንበር፣ በባቡር ተሳፍሮ፣ አንድ ወረቀት ላይ ማኅተም ለማስመታት ወደ ቢሮ ይመጣል። ቢሮው የሚናገረው አማርኛ፣ አዋሌ የሚያውቀው ሶማሊኛ። ነገሩ ይኸው ነው።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ገጹ በሙሉ ደም መሰለ። «ጌታዬ፣ አንቺ ሥራ አስኪያጅ ነሽ?» የሚለውን «አንተ ነህ?» ብዬ፣ ከዚያም «እርስዎ ነዎት?» ብዬ ደግሜ አረምኩ። «ሚስቴ ታመመ» የሚለውን «ታመመች»፤ «ጸሐፊዋ ሻይ ሊጠጣ ወጣ» የሚለውን «ልትጠጣ ወጣች»። መጨረሻው ላይ፣ አሁን ሳስበው ጆሮዬ ድረስ የምቀላበትን ነገር ጻፍኩ። «ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሰዋስው ላይ ብዙ ይቀርሃል። ከመቶ ሠላሳ።»

ሙሴ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገው። ሻዩን አስቀመጠ።

«መዓሊን፣ ገደልከው» አለኝ።

«ማንን?»

«አዋሌን። ይኸውልህ፣ ጭንቅላቱን ቆርጠህ ከመቶ ሠላሳ ሰጠኸው።»

ከዚያ ከቀዩ ሥር ያለውን የራሱን ጽሑፍ ለሻይ ቤቱ ሰዎች ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ከመሀል አገር ተመድበው የመጡ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች፣ አንድ ወታደር፣ ጨርቅ ነጋዴዎች ነበሩ። ወታደሩ ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። ስህተቶቹ ስህተት አልነበሩም፤ ጨዋታው እነሱ ነበሩ። ለካ ሰውዬው አማርኛውን ከእኔ እኩል ያውቃል። ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች መሀል ያደገ ነው። የእኔ የክፍለ ሀገር አነጋገር በሚያስቅብኝ ቦታ የእሱ ጥርት ያለ ነበር።

«ግመሏንስ አየሃት?» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

«የትኛዋን ግመል?»

«አዋሌ ግመል አለችው። አምስት ቦታ ተጠርታለች። ቀይ ያላደረግህባቸው አምስት ቦታዎች እነሱ ናቸው።»

ገልጬ አየሁ። «ግመሌ ወለደች።» «ግመሌ ናፈቀችኝ።» ሥራ አስኪያጁን ሴት፣ ሚስቱን ወንድ የሚያደርገው አዋሌ ግመሏ ላይ አንድ ጊዜም አይሳሳትም።

«ለምን?» አልኩት።

«ይወዳታላ!»

መሸነፌን ላለማመን ወደ ሙያዬ ዞርኩ። «መቼም እናንተ በቋንቋችሁ ወንድና ሴት ስለሌላችሁ ነው» አልኩት፤ ስለ ሶማሊኛ ምንም ሳላውቅ።

«አለን እንጂ! የእኛማ ይብሳል። አንዳንዱ ቃል አንድ ሲሆን ወንድ ነው፤ ሲበዛ ሴት ይሆናል።»

«ሲበዛ ሴት?»

«ሲበዛ ሴት። ያንን ደግሞ አርመው» አለኝ።

እንዲህ ሆነና የአዋሌ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ መድረክ ላይ ወጣሁ። ተዋናይ ሆኜ አይደለም፤ መነጽርና ሆድ ስለነበረኝ ነው። በቃሌ ማጥናት ስላልቻልኩ ንግግሬን ጽፈን ጠረጴዛው ላይ ያለ ፋይል ውስጥ ከተትነው። እኔ ፋይሉን እያገላበጥኩ አነባለሁ። ሰው ሁሉ «እውነተኛ ሥራ አስኪያጅ ነው የሚመስለው» አለ። ቀና ብሎ የማያይ ሥራ አስኪያጅ ስለሆንኩ ነው።

ሙሴ በአንድ ሥራ የሚረጋ ሰው አልነበረም። ሐሙስ ሠርግ ይመራል፤ ቅዳሜ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ የሩዝና የዘይት ማስታወቂያ እየጮኸ ከተማውን ይዞራል። ለሬዲዮ አጫጭር ድራማ ይጽፋል፤ አምስቱንም ሰው ራሱ ይጫወታል፤ አምስተኛው የሚሞት ከሆነ አራቱ ሲያለቅሱ መስማት ነበር። ባለሥልጣን ንግግር ሲቸግረው ወደ እሱ ይልካል። «ጠዋት ሀዘን እጽፋለሁ፣ ከሰዓት ሠርግ፤ ወረቀቱ እንዳይቀያየርብኝ ብቻ ነው ጸሎቴ» ይለኝ ነበር። ሲያስብ የግራ ጆሮውን ወደ ታች ይጎትታል፤ እኔም ከቁመቱ ይልቅ ጆሮው ያደገው ለዚህ ነው እለዋለሁ።

አንድ ጊዜ ስለ ክትባት የሚያስተምር ጨዋታ ይዘን ደምበል ወረዳ ሄድን። በሶማሊኛ ነው። ሙሴ ነጭ ካፖርት ለብሶ ሐኪም ሆነ፤ እኔ የመድኃኒት ሳጥኑን የምይዝ ሆንኩ። ጨዋታው አልቆ ስንወርድ የደምበል እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ፊቱ ተሰለፉ። አንዷ ፍየል ይዛለች። «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ተጫዋች ነኝ» ቢላቸው ማን ይሰማዋል? አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ትከሻውን ነካ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩት። ሳጥኑ ላይ ተቀመጠና ሁሉንም አንድ በአንድ አዳመጠ፤ ከዚያ አብራን የመጣችው እውነተኛዋ ነርስ ጋ ላካቸው። ፍየሏንም ጭምር።

«ሽማግሌው ምን አሉህ?» አልኩት ስንመለስ።

«‹ሐኪም ነህ፤ አትዋሸን› ነው ያሉኝ።» መኪናው መስኮት ላይ ተደገፈ። «ይገርምሃል መዓሊን። በሶማሊኛ ሐኪም ነኝ ስል ሐኪም ነኝ። በአማርኛ ‹እንደምን አደራችሁ› ስል እንኳ ይስቃሉ።»

እኔ የተረዳሁት ነገር አልነበረም። የተረዳሁት ባቢሌ ላይ ነው፤ ያውም በራሴ ላይ ደርሶ።

ባቢሌ ገበያ ዳር መድረክ ተሠርቶ ብዙ ሰው መጣ፤ ለውዝ ሻጩም፣ የጭነት መኪና ሾፌሩም። ሙሴ «ዛሬ አንተ ክፈትልን፤ ሁለት ቃል በሶማሊኛ ብትል ደስ ይላቸዋል» አለኝ። «ብዙ ሰው መጥቷል» ልል ነው፤ «ደድ በደን ባ ዪሚድ»። ሌሊቱን ሳጠናው አድሬያለሁ። ሸሚዜን ቆልፌ፣ ድምፅ ማጉያውን ጨብጬ፣ በሙሉ ክብር ጮህኩ፤ «ዳድ በደን ባ ዪሚድ!»

«ደድ» ሰው ነው። «ዳድ» ጎርፍ ነው። እኔ በሰላም ቆሜ ለባቢሌ ሕዝብ ትልቅ ጎርፍ መጣ ብዬ አወጅኩ። ከኋላ ያሉ ሁለት ሴቶች እቃቸውን አነሱ። የቀረው ሕዝብ መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔ ቀልድ አልተናገርኩም፤ እንግዳ እየተቀበልኩ ነበር። ደግሜ «ዳድ! ዳድ!» እያልኩ ላስረዳ ስሞክር ባሰባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «መላጣው» መባሌ ቀርቶ «መዓሊን ዳድ» ሆንኩ፤ መምህር ጎርፍ።

ከመድረክ ስወርድ ሙሴ አልሳቀብኝም። ውኃ ሰጠኝ። «አሁን ገባህ?» ብቻ አለኝ።

ፈርሂያ የሙሴ ልጅ ናት፤ አንድያ ልጁ። እናቷ ቀደም ብላ ነው የሞተችው። ትምህርቷን በሶማሊኛ ተማረች፤ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ቢኖርም ልጅቱ አማርኛን የተማረችው እቤት፣ አባቷ ሲለማመድ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ነው። ከአዋሌ ማለት ነው። ማንም ልብ አላለውም። እኔ የአማርኛ መምህሩ እንኳ እቤታቸው ስሄድ «አዴር፣ ግቢ፣ ተቀመጪ» ስትለኝ «ግባ፣ ተቀመጥ ነው የሚባለው» እያልኩ እቀመጥ ነበር እንጂ ከየት እንዳመጣችው አላሰብኩም።

ሐረር ነርስነት ልትማር ገባች። በመጀመሪያው ዕረፍት መጥታ ሻይ ስንጠጣ ክፍል ውስጥ የሆነውን አወራችልን። ጺሙ ደረቱን የሞላ አስተማሪ ነው። ተነሥታ «ዶክተር፣ አንቺ የጠየቅሽኝ አልገባኝም» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ስሟ ጠፍቶ «አዋሌ» ይሏታል፤ የአዋሌ ጨዋታ የተቀዳበት ካሴት ሐረርም ደርሷል። እሷ እየሳቀች ነው ያወራችው። እኔም ሳቅሁ። ሙሴ ግን አልሳቀም። የግራ ጆሮውን ይጎትት ነበር።

በዚያው ዓመት ሙሴ አዲስ አበባ ለአንድ ፊልም ተጠራ። የኮንትሮባንድ ነጋዴ ሆኖ ሦስት ቦታ ላይ ይናገራል። ንግግሩን አንድ ወር ሙሉ አጠና፤ እኔን ፊቱ አስቀምጦ። ሙሉ ልብስ አሰፋ። በአራተኛው ቀን ተመለሰ።

«እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ንግግሬን ጨረስኩ። አዘጋጁ ‹ቁም!› አለ። ‹በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ አበላሸው› አለኝ። ‹ምኑን ላበላሽ?› አልኩት። ‹አማርኛውን። እንዲህ ሲሆን ሶማሌ አትመስልም› አለኝ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምን እላለሁ መዓሊን? አበላሸሁላቸዋ! አጨበጨቡልኝ።» ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ነበር፤ ክራቫቱን ወደ አንድ ጎን እየጎተተ፣ «እናቴ በሕይወት ብትኖር ሶማሌ አትመስልም መባሌን እነግራት ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ሻይ ቤት አልመጣም። ሲመጣ ደብተር ይዞ ነው። እንደ መጀመሪያው ጊዜ ከብብቱ አወጣው።

ርዕሱ «ደብዳቤው» ይላል። ቢሮው ያው የአዋሌ ቢሮ ነው፤ ጠረጴዛው ያው፣ በሩ ያው፣ ሥራ አስኪያጁም ያው እኔ ነኝ። የሚገባው ግን አንድ አባት ነው። ልጁ ዩሱፍ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከባቢሌ ሲመጣ መታጠፊያ ላይ ተገልብጦ ሞቷል። አባትየው የልጁን ሞት የሚገልጽ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ነው የመጣው። አባትየው አንድም ቦታ አይሳሳትም። አንድ ሳምንት ሙሉ ፈለግሁ፤ ስህተት አጣሁ። ባዶ እጄን ላለመመለስ አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመርኩ። ሰርዞ መለሰልኝ፤ ልክ እሱ ነበረ።

«ይስቃሉ» አልኩት፤ መዋሸት ስላልፈለግሁ። «ያን በር ከፍተህ ስትገባ ገና ይስቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን በሌላ በር አትገባም?»

«ያ በር ነው የእኔ፤ ሌላ የለኝም።» ደብተሩን ዘጋው። «ስማኝ። ፈርሂያ እፊት ትቀመጣለች። አባቷ አማርኛ ሲናገር አንድ ጊዜ ሰው ሳይስቅ ትስማ። የልጁን ሞት ስናገር ማንም ካልሳቀ አዋሌን እዚያው እቀብረዋለሁ። አንድ ሰው ከሳቀ ግን በቃ፤ እስክሞት አዋሌ ነኝ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የጅጅጋ ነፋስ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል፤ አቧራው በበር ሥር ይገባል። ሰው ጢም ብሏል፤ ቁጭ ብለው ሳቃቸውን አዘጋጅተው የሚጠብቁ ሰዎች ፊት ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ። ፈርሂያ ከፊት መሀል ላይ ተቀምጣለች።

በሩ ተከፈተ። ገና ጫማው ሲታይ ሳቁ።

ሙሴ ቆመ። ጠበቃቸው። «ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። ገብቼ መቀመጥ ይፈቀድልኛል?» አለ። ይኼኔ የባሰ ሳቁ፤ ስህተቱ የት እንደተደበቀ እየፈለጉ። እኔ ፋይሌን ገልጬ፣ «ቆመህ ተናገር» አልኩት፤ እንደተጻፈልኝ። ቀጠለ። ከየት እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት መኪና እንደተሳፈረ፣ ከእኔ በፊት ስንት ቢሮ እንደሄደ ተናገረ። ሳቁ መጀመሪያ ከኋላ ቆመ፤ ከዚያ መሀል ላይ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ብቻውን ሲስቅ ራሱን ሰማና አፉን ያዘ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ የፋይሌ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር። ነፋሱ እንኳ የተቀመጠ መሰለኝ።

«የመጣህበት ጉዳይ?» አልኩት።

«ልጄ ዩሱፍ ሾፌር ነበር» አለ። «ትናንት ቀበርነው። ልጄ…» አለና ቆመ። ልምምዱ ላይ እዚህ ቦታ አይቆምም ነበር። ዐይኑ ወደ ፈርሂያ ሄደ። «ልጄ ሞተች» አለ።

አዳራሹ ዝም እንዳለ ነው። ከስንት መቶ ሰው ማንም አልሳቀም። ሰምተውት ይሁን ሳይሰሙት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ ሳቅሁ።

ብዙም አይደለም፤ በአፍንጫዬ «ኽ» ያለች ነገር ናት። ተማሪ ሲሳሳት ሠላሳ ዓመት ያወጣኋት ድምፅ። ግን ጠረጴዛዬ ላይ ማይክራፎን ነበር። ያቺ «ኽ» በአራቱም ድምፅ ማጉያ ወጥታ አዳራሹን ዞረች።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት አሮጊት ተነሡ። «ወርያ! አንተ! አላህን አትፈራም?» አሉ በአማርኛ፣ ጣታቸውን ቀስረው። ከኋላ ማጉረምረም ተነሣ። አንድ ወታደር ከወንበሩ ብድግ አለ። ጨዋታ መሆኑ ጠፍቶባቸው ነበር፤ ሰው በሞተበት አባት ላይ የሚስቅ ሥራ አስኪያጅ ነበር የሚያዩት። እኔም ሌላ ነገር አልነበርኩም።

ሙሴ አየኝ። ከዚያ ደብተሩ ላይ ያልነበረ ነገር ተናገረ፤ በዝግታ፣ ያለ አንዳች ስህተት።

«ይሳቁ፣ ጌታዬ። ቋንቋው የእርስዎ ነው። ሞቱ ግን የእኔ ነው።»

ፋይሌን ገለበጥኩ። ለዚህ የሚሆን መልስ አልተጻፈልኝም። ከፊት ፈለግሁ፣ ከኋላ ፈለግሁ። ላብ መነጽሬን አልፎ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ። መጨረሻ ላይ ከወንበሬ ተነሣሁ። «ይቀመጡ» አልኩት። ደብዳቤውን ጻፍኩ፤ ማኅተሙን መታሁ፤ መጋረጃው ተዘጋ። ጭብጨባው ሲመጣ መጀመሪያ ቆርቆሮው የተገነጠለ መስሎኝ ነበር።

ከተማው አንድ ወር ሙሉ ስለ ትወናዬ አወራ። «እንዴት ያለ ጨካኝ ይጫወታል!» አሉ። ሻይ ቤት የሚቀርብልኝ ሻይ ለተወሰነ ጊዜ የቀዘቀዘ ነበር። በሕይወቴ አንድ ጊዜ በትወና ተደነቅሁ፤ እሱንም ሳልተውን ነው።

ከመጋረጃው በስተጀርባ መጀመሪያ የደረሰችው ፈርሂያ ናት። አባቷን አቀፈችው። ወደ እኔ ዞረች። «አዴር፣ አንቺ መጥፎ ሰው ነሽ!» አለችኝ።

«መጥፎ ሰው ነህ ነው የሚባለው» አልኳት። እንዲህ ያለ ፍጡር ነኝ።

እሷ ስትወጣ ሙሴን ጠየቅሁት። «‹ሞተች› ያልከው ሆን ብለህ ነው?»

«አይደለም» አለ። ሽርጡን እያጠበቀ ነበር። «ይህን ሁሉ ዓመት ሆን ብዬ ስሳሳት ኖሬ ዛሬ ብቻ ሳላውቀው ተሳሳትኩ። አንተስ? ሆን ብለህ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ሁለታችንም ተዋናይ አይደለንም» አለና ቀይ ስክሪብቶዬን ከኪሴ መዝዞ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ «እዚህ ላይ መዓሊን ይስቃል።»

ደወሌ ላይ ደግመን ስንጫወተው ያ ቦታ ደረሰ። እንድስቅ ተጽፎልኛል። አልመጣልኝም። ታገልኩ፤ የወጣው ሳል ነው። ሙሴ ጥቂት ጠብቆ አለፈው። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀኝም።

አዋሌንስ? አዋሌን አልቀበረውም። «አንድ ሰው ስቋል» አለኝ፤ ቃሉ ቃል ነው። «እኔ አልቆጠርም፤ እኔ ባልደረባህ ነኝ» ብለው፣ «አንተ ብቻ ነህ የሰማኸው፤ እንዴት አልቆጥርህም?» አለኝ። ስለዚህ በሠርጉም በበዓሉም ጥርሳቸውን ለሚያሳዩት ሁሉ አዋሌ ሆኖ ቀጠለ፤ ስኳር ዐይኑን እስኪያደክመው ድረስ። የለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። አዋሌ ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁን ሴት፣ ጸሐፊዋን ወንድ እያደረገ ይኖራል፤ ግመሏ ላይ እንደ ዱሮው አይሳሳትም፤ ልጁም ላይ አይሳሳትም። «ልጄ ነርስ ሆነች» ይላል አዋሌ፣ ጥርት አድርጎ፤ ሰዉም ምኑ እንደሚያስቅ ሳያውቅ ይስቃል።

እኔ ጡረታ ወጥቼ አዳማ፣ እህቴ ቤት ገባሁ። በዓል በመጣ ቁጥር ይደውላል፤ አንድ ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ አንድ ጊዜ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ፣ አንድ ጊዜ የምታፈቅረኝ መበለት ሆኖ። ሁልጊዜ አምናለሁ። መበለቷንማ አንድ ሳምንት ጠብቄያታለሁ።

እንግዲህ ወደ ስልኩ ልመለስ።

ፈርሂያ አልዘጋችውም። ትንፋሿ ይሰማኛል። ያች ልጅ ነርስ ከሆነች ስንት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋን ስታስተካክል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በበዓል ስልክ «እንዴት ነህ አዴር» ነበር የምትለኝ። ዛሬ ግን አባቷ በዚያ እሑድ የሆነውን ሆነች፤ ሰዋስዉ ጠፋት።

እጄ ወደ ደረት ኪሴ ሄደ። ፒጃማ ላይ ኪስ የለም። ሁለት ጊዜ ሳቅሁ አልኩ ለራሴ፤ አንድ ጊዜ በአባት፣ አንድ ጊዜ በልጅ፤ ሁለቱም ጊዜ ያው አንዲት ቃል ላይ። ምላሴ ላይ ደግሞ ያች የለመድኳት እርማት መጥታ ተቀምጣለች፤ «ሞተ ነው የሚባለው።»

ሻይ ቤቱ ትዝ አለኝ። አንዳንዱ ቃል አንድ ሲሆን ወንድ ነው፤ ሲበዛ ሴት ይሆናል። ሐኪሙ ነበረ፤ ነጋዴው፣ ሬዲዮ ውስጥ ያሉት አምስቱ ሰዎች፣ የዩሱፍ አባት፣ መበለቷ። ሙሴ መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል?

ጥርሴን ከብርጭቆው አውጥቼ አደረግሁ፤ ቃሉ እንዳይበላሽብኝ።

«መቼ ሞተች፣ ልጄ?» አልኳት።